ከስንቅ ወደ ገበታ
የመተማ መንገድ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ታሪካዊ አመጣጥ

ስለ መተማ እስከ ዛሬ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የጦርነት ታሪክ ነው። የከተማይቱ ስም በተነሣ ቁጥር በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ መውደቃቸው ይታወሳል፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ተብላ መጠራቷ ይህንኑ ዘወትር ያስታውሰናል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ከተማ ስሙን ከጦር ሜዳ ቢያገኝም ኑሮውን የሚያገኘው በየዕለቱ ከሚነድደው ምድጃ ነው። ከጎንደር ደጋ ወርዶ ወደ ሱዳን የተሻገረው ነጋዴ፣ ከሱዳን ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደጋ የወጣው መንገደኛ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ በየዓመቱ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም በመተማ በኩል ሲያልፍ በልቶ አልፎአል። ያበላውስ ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ አንሥቶ፣ በቆላው መንገድ ላይ የቤተሰብ ምግብ ቤት እንዴት እንደተፈጠረና ምን ታሪካዊ ድርሻ እንደተወጣ ባጭሩ ማመልከት ነው።

የቤተሰብ ምግብ ቤት ስንል እናት ከምድጃው፣ አባት ከገበያው፣ ልጆች ከገበታው የሚሠለፉበትን፣ የመኖሪያው ግድግዳና የመተዳደሪያው ግድግዳ አንድ የሆነበትን ቤት ማለታችን ነው። በአገራችን ትንንሽ ከተሞች ይህ ቤት አንዳንዴ «ሆቴል»፣ አንዳንዴም «ምግብ ቤት» ይባላል፤ ሕዝቡ ግን ከደጃፉ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በባለቤቲቱ ወይም በበኩር ልጇ ስም ይጠራዋል።

ስንቅ

ከጎንደር እስከ መተማ ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ ጭልጋን አልፎ፣ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ ነጋዴ ባሕር የተባለ ስፍራ መኖሩ ብቻ፣ አካባቢው ከጥንት ጀምሮ በማን እግር ሲረገጥ እንደኖረ ይመሰክራል።

በደጋው አገር መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይጠና ነበር። ባለቤቱም ያለውን አካፍሎ ያሳድረዋል። ለመንግሥት እንግዳ ደግሞ ድርጎ ነበር፤ ድርጎውም ከገበሬው ጎተራ የሚወጣ በመሆኑ «የንጉሥ እንግዳ» ለባላገሩ ክብር ብቻ ሳይሆን ሸክምም ነበረ። ሁለቱም ልማዶች ግን የሚሠሩት መንደርና ጎተራ ባለበት ነው። ከጭልጋ በታች ያለው ቆላ ሰፈሩ የተራራቀ፣ ወባው የበረታ፣ በክረምት ወንዙ የማያሻግር ስለነበረ እንግዳ ተቀባይነት በሩቅ ሊዳረስ አልቻለም። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው የሚተማመነው በስንቁ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በአህያና በበቅሎ ተጭነው ይወርዱ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ድርቆሽ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ እንጀራን በፀሐይ አድርቆ ለሳምንታት መንገድ ማዘጋጀት፣ ቤቱን ጥሎ ለሚሄድ ሰው የቤቱን ገበታ አስከትሎ መስደድ ነውና። በስንቁ ከረጢት ውስጥ የነበረው የሚስቱና የእናቱ ሥራ ነው። እንግዲህ የቆላው መንገድ ገና ምግብ ቤት ሳይኖረው፣ መንገደኛው የሚበላው በሴት ጉልበት ነበር ማለት ነው።

የገበያው ገበታ

በስንቅ መድረስ እንጂ መክረም አይቻልም። መተማ ደግሞ የሚከረምባት ገበያ ነበረች። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲመለስ በ1764 ዓ.ም. በዚሁ የቆላ አውራጃ፣ ራስ ኤል ፊል በተባለው ስፍራ ታሞ ሰንብቶአል። በ1854 ዓ.ም. ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም የመተማን ገበያ አይቶ ጽፎአል። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማርና የጋማ ከብት ይወርዱ ነበር፤ ከሱዳን በኩል ጥጥ፣ ጨርቅና ዶቃ ይመጡ ነበር። የሰው ልጅም እንደ ሸቀጥ የተሸጠባት ገበያ መሆኗን መሸሸግ ታሪክን መበደል ይሆናል።

በዚያን ጊዜ የመተማ ነዋሪዎች በአመዛኙ ተክሩሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር ካለው የምዕራብ አፍሪቃ ምድር ወደ መካ ለሐጅ ሲጓዙ ወይም ሲመለሱ በመንገድ ቀርተው የሰፈሩ፣ ማሽላና ጥጥ የሚያርሱ፣ በራሳቸው ሼኮች የሚተዳደሩና በስተምሥራቅም በስተምዕራብም ላሉት ኃያላን ግብር የሚከፍሉ ነበሩ። ስለዚህ መተማ ከመሠረቷ የመንገደኞች ከተማ ናት። የጎንደሩ ጀበርቲ ነጋዴ፣ ክርስቲያኑ ባላገር፣ ተክሩሩ ገበሬ፣ ጉሙዙና የሱዳኑ ጀላባ በአንድ ገበያ ሲገናኙ፣ ሁሉንም የሚያስተናግድ የዘመድ ቤት አይኖርም። ዘመድ በሌለበት ደግሞ ምግብ በገንዘብ መገዛቱ የግድ ነው። በደጋው ነውር የነበረው ነገር በቆላው አስፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ይህንን ሁሉ አናጋው። በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደር ድረስ ዘልቆ ከተማይቱን አቃጠለ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ ዘመቱ። የዘመኑ ሠራዊት የተለየ የስንቅ ክፍል አልነበረውም፤ ከወታደሩ ኋላ ወፍጮና ምጣድ የተሸከሙ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጠላና ጠጅ ጣዮች ይከተሉ ነበር። የንጉሡ አወዳደቅ በዝርዝር ተጽፎአል። የእነዚህን ሴቶች ስም ግን የጻፈው የለም። በዚያው ወራት የጀመረው ክፉ ቀን ደግሞ ከብቱን በበሽታ፣ ሰውን በረኃብ ፈጅቶ የመንገዱን ንግድ ለብዙ ዓመታት አደኸየው።

እንጀራ መሸጥ ነውር በነበረበት ዘመን

በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ድንበሩ ተወሰነ። መተማ ከወዲህ፣ ገላባት ከወዲያ ሆኑ፤ ሁለቱንም የሚለያያቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ድንበር ደግሞ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ የኬላ ጠባቂ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ተሸካሚ። እነዚህ ሁሉ ከቤታቸው ርቀው በደመወዝ የሚኖሩ በመሆናቸው፣ በየዕለቱ የሚያበላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።

ይሁንና የምግብ ንግድ በአገሪቱ ጠቅላላ ኅብረተሰብ ዘንድ ገና አልተከበረም ነበር። ለዚህ ምስክር ለመጥራት ሩቅ መሄድ አያሻም። የቋራው ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከዚህችው ቆላ የወጣ ጀግና ነው። ባላንጣዎቹ ሊያዋርዱት ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት እንደነበር ይተረካል። እናትየው ልጅዋን ያሳደገችበት ሥራ ለልጁ መሰደቢያ ሆነ። ሸጦ ማደር እንደ ውርደት፣ ተቀምጦ መብላት እንደ ክብር የሚቆጠርበት አስተሳሰብ እንዲህ ያለ ነበር።

ይህንን አስተሳሰብ በመስበር ረገድ በአዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የወሰዱት እርምጃ በታሪክ የታወቀ ነው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሥራውን የጀመረው እቴጌ ሆቴል፣ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የሚባለው፣ በገንዘብ የሚበላበትን ቤት በቤተ መንግሥት ስም አስከበረ። በመጀመሪያ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ በልተው ሒሳብ በመክፈል አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ መውጣቱም ከዚህ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ነው። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ቢጎዳም የታሪኩ ምስክርነት አልጠፋም።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ በመናገሻ ከተማ ምግብ መሸጥ የተከበረው ንግሥት ስለጀመረችው ነው። በመተማ መንገድ ግን ንግሥት አልነበረችም። በዚያ ሥራውን ያስከበሩት፣ ባል የሞተባቸው፣ ከትዳር የተፋቱ፣ መሬት ያጡ፣ ወይም ከባላቸው ጋር ዕድላቸውን ሊሞክሩ ከደጋ የወረዱ ተራ ሴቶች ናቸው። አዋጅም፣ አጃቢም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ምጣድ ነው።

ልኳንዳ፣ ፓስታና የመኪና መንገድ

የፋሺስት ጣሊያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለሕዝባችን የመከራ ዘመን ነበር። ወራሪው ለጦሩ ማመላለሻ ሲል መንገዶችን ሠራ፤ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውም ከእነዚህ አንዱ ነው። በሰኔ 1932 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ተሻግሮ ገላባትን ያዘ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ ገላባትን መልሶ ቢይዝም መተማን ማስለቀቅ ሳይችል ቀረ። ሁለቱ የድንበር መንደሮች በመድፍና በአውሮፕላን ተደበደቡ።

ጦሩ ሲሄድ ሁለት ነገር ቀረ፤ የመኪና መንገድና የወጥ ቤት ቃላት። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሳልሳ በትንንሾቹ ከተሞች ምግብ ቤቶች ሳይቀር የተለመዱ ሆኑ። ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው ግን «ልኳንዳ» የሚለው ቃል ነው። በጣሊያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ሲሆን፣ ሕዝባችን ተቀብሎ ሥጋ ለሚሸጥበትና ለሚበላበት ቤት አደረገው። ባዕድ ቃል እንኳ ወደ ኢትዮጵያዊ ቤት ሲገባ የቤቱን አመል ይማራል።

መኪናው ደግሞ የመንገዱን ጊዜ ለወጠው። በቅሎ በቀን የምትጓዘው የታወቀ ሰፈር ነበራት፤ የጭነት መኪና ግን ሾፌሩ የሚርበው ስፍራ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቀድሞ ነጋዴ ይሰፍርባቸው የነበሩት ቦታዎች አንዳንዶቹ ሲደኸዩ፣ አይከል፣ ገንዳ ውኃና ኮኪት የመሳሰሉት የመኪና ማቆሚያዎች በምግብ ቤቶቻቸው ታወቁ። ሾፌርና ረዳት ለምግብ ቤት ትልቅ ትርጉም አላቸው። ሾፌር የቆመበት ቤት ተሳፋሪ ሁሉ ይገባል፤ ሾፌር ያማረረው ቤት ደግሞ ይዘጋል። ባለቤቲቱ የምታሸንፈው በማስታወቂያ ሳይሆን በወጥዋ ነው።

ሰሊጥና ዱቤ

የቆላው ምግብ ቤት እውነተኛ መስፋፋት የመጣው ከሰሊጥ ጋር ነው። የመተማና የቋራ ጥቁር አፈር ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ የተመቸ ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ሰብሎች አንዱ ሆኖአል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራምም ከደጋው ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርዶአል፤ ከዚያ አስቀድሞ የተመሠረቱ እንደ መንደር 6፣ መንደር 7፣ መንደር 8 ያሉ ስሞችም ቆላው በየዘመኑ በሰፋሪ የተሞላ አገር መሆኑን ያሳያሉ።

የሰሊጥ ተክል ጠባይ የምግብ ቤቱን ጠባይ ይወስናል። ሰሊጥ በስሎ ጥቂት ቀን ከዋለ ቅንቡጡ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በመሆኑም አጨዳው በአንድ ጊዜ፣ በብዙ እጅ፣ በችኮላ መከናወን አለበት። ለዚህ ነው በአረምና በአጨዳ ወራት ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ የቀን ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋና ከሌሎችም አካባቢዎች በብዛት ወደ ቆላ የሚወርደው። ይህ ሠራተኛ ቤት የለውም፤ ሚስትና እናት አልተከተሉትም። ደመወዙን የሚያገኘው ከሥራ በኋላ ሲሆን የሚርበው ግን ከሥራ በፊት ነው።

በዚህ ክፍተት መካከል የቆመው የምግብ ቤቱ የዱቤ ደብተር ነው። ባለቤቲቱ ለማታውቀው ሰው፣ ነገ ወዴት እንደሚሄድ ለማይታወቅ ሰው፣ እንጀራዋን በእምነት ትሰጣለች። ዝናብ ሲቀር፣ የሰሊጥ ዋጋ ሲወድቅ፣ ሠራተኛው በወባ ወይም በካላ አዛር ሲወድቅ፣ ኪሳራው የሚጻፈው በእሷ ደብተር ላይ ነው። ባለ እርሻው ከባንክ ይበደራል፤ የቀን ሠራተኛው የሚበደረው ከወጥ ቤት ነው። ከዚህ የተነሣ የቆላው ምግብ ቤት መብል የሚሸጥበት ቤት ብቻ ሳይሆን የድኻው ብድር ቤት፣ የታመመው ማስታመሚያ፣ የደብዳቤና የመልእክት መቀበያ ሆኖ ኖሮአል። ሰሊጡ ወደ ወደብ ሲጫን በሚሠራው ሒሳብ ውስጥ ግን የዚህ ሁሉ ድርሻ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለፍ አይገባም። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ቤተሰብ አይደለም። «የዘመድ ልጅ» ተብላ ከደጋ የወረደች ልጃገረድ ያለ ደመወዝ ውኃ ስትቀዳ፣ ጭስ ሲያቃጥላት፣ ትምህርቷ ሲቀርባት የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤተሰብ ፍቅርና የቤተሰብ ብዝበዛ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። ምግብ ቤቱን ስናመሰግን ይህችን ልጅ ከረሳን፣ ትናንት የጦሩን ጋጋሪ ከረሳው ጸሐፊ አልተሻልንም።

እንጀራና ኪስራ

የመተማ ገበታ የሁለት አገር ሕዝብ የተገናኘበት ነው። የሱዳን ሕዝብ ዋና ምግብ የሆነው ኪስራ እንደ እንጀራ ከተቦካ ሊጥ የሚጋገር፣ ከማሽላ የሚዘጋጅ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። የእኛይቱ ጋጋሪ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ታፈስሳለች፤ የሱዳኗ ጋጋሪ ጥቂት ሊጥ አፍስሳ በመግፊያ ታሳሳዋለች። ጥበቡ እኅትማማች፣ የእጁ እንቅስቃሴ ግን ልዩ ልዩ ነው። በቆላ ጤፍ ውድ፣ ማሽላ ርካሽ ስለሆነ የቆላው እንጀራ ራሱ ወደ ማሽላ ያዘነብላል። በዚያ ላይ ፉሉ፣ ባሚያው፣ በብርጭቆ የሚቀርበው ስኳር የበዛበት ሻይ ከወዲያ ማዶ ሲመጡ፣ በርበሬው፣ ሽሮውና የቡናው ሥነ ሥርዓት ከወዲህ ይሻገራሉ። በመንግሥታት መካከል ውል ሲፈርስና ሲታደስ፣ በሁለቱ ወጥ ቤቶች መካከል ያለው ውል ግን አልፈረሰም።

ከድንበሩ ማዶ

በ1970ዎቹ ዓመታት በጦርነት፣ በፖለቲካ ግድያና በረኃብ ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ። መተማ አንዱ መውጫ በር ነበረች። ገዳሪፍና ካርቱም ሲደርሱ ብዙ ሴቶች በእጃቸው የቀረላቸው ሀብት እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ነበር። በካርቱም ዴም የሚባለው ሰፈር በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የታወቀ ሆነ፤ በጎዳና ዳር ሻይ የሚሸጡት ሴቶችም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ከሱዳን ወደ አሜሪካ የተሻገሩትም ይህንኑ ሙያ ተሸክመው ሄዱ። በዋሽንግተን ከተማ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው ማማ ደስታ የተባለ ምግብ ቤት፣ ወይዘሮ ደስታ ባይሩ በወጥ ቤቱ የታወቁበት፣ በዚያች ከተማ ከኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ፈር ቀዳጅ ሆኖ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ በዋሽንግተን የተበራከቱት ቤቶች ለስደተኛው የሥራ ማግኛ፣ የወሬ መለዋወጫና የልጆች ቋንቋ መማሪያ ሆነዋል። በጎንደር መንገድ የተጀመረው ነገር፣ ዘመድ በሌለበት ስፍራ እንጀራ ዘመድ መሆኑ፣ በውቅያኖስ ማዶም ያው ሆኖ ተገኘ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ታሪክ ፊቷን አዞረች። የብዙ አገር ዜጎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። ከመጪዎቹ መካከል በካርቱም ለዓመታት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙባቸው ነበር። ትናንት ከመተማ የወጣው ሙያ ባዶ እጁን ወደ መተማ ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ መንገዱን ደጋግሞ አውኮታል። መኪና በማይንቀሳቀስበት ቀን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀዘቅዘው የምግብ ቤት ምድጃ ነው።

ሊጻፍ የሚገባው ቅርስ

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ አንድ መደምደሚያ ያስገኛል። የመተማ ምግብ ቤት ከደጋው እንግዳ ተቀባይነት በተቃራኒ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ እንግዳ ተቀባይነት ሊደርስበት ባልቻለ ስፍራ የያዘው አዲስ መልክ ነው። ዋጋ ቢያስከፍልም፣ ዱቤን፣ ማስታመምንና አደራን ከአሮጌው ልማድ ወርሶአል። ገንዘብና ሰብአዊነት በአንድ ገበታ መቅረብ እንደሚችሉ ያሳየ ሕዝባዊ ተቋም ነው።

ተቋሙ ግን ያለ መዝገብ የኖረ ነው። የግንብ ቤት ሲፈርስ ድንጋዩ ይመሰክራል፤ የጭቃ ወጥ ቤት ሲፈርስ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ባለቤቲቱ ስትሞት ወጡም፣ የዱቤው ደብተርም፣ በዚያ ገበታ ላይ ያለፉት ሰዎች ወሬም አብረው ይቀበራሉ። በገንዳ ውኃ፣ በሽንፋ፣ በኮኪትና በመተማ ዮሐንስ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን የከተማቸውን አንጋፋ ባለ ምግብ ቤቶች እንዲጠይቁ ቢያደርግ፣ ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱ ከጦሩ ሜዳ ጎን ምድጃውንም ቢመለከት፣ የባህል ሠራተኛው ደብተሮቹና ዕቃዎቹ ከመጣላቸው በፊት ቢሰበስብ፣ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጊዜ ግን ይጠይቃል፤ ጊዜውም እያጠረ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በወደቁባት ከተማ የንጉሡን ስም የምታውቅ ልጅ፣ አያቷ ስንት ሺህ ሰው እንዳበላችም ልታውቅ ይገባታል።